ከጅማ አቴንስ፦ አክሮፖሊስን ከልጆችና ከአያታቸው ጋር በአንድ ቀን ማየት ይቻላል?

ሂርማታ_እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከጅማ ተነስተን አቴንስ ያለች እህቴ ጋ እንሄዳለን። ቪዛው ተገኝቷል፤ ፍርስራሾቹን ለማየት ግን ያለን አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው። ልጆቹ 4፣ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። እናቴም አብራን ናት፤ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ያሰብነው አክሮፖሊስ (የጥንት ቤተ መቅደሶች ያሉበት አለታማ ኮረብታ)፣ ሙዚየሙ፣ የጥንት ግሪኮች አምላክ የዜውስ ቤተ መቅደስ፣ ማምሻውን ደግሞ ሱንዮን (ባሕር ዳር ያለው ቤተ መቅደስ) ነው። ይደረሳል? ቲኬት ከዚሁ እንቁረጥ ወይስ እዚያው? የትንሹን ጋሪ እንያዝ? ምግቡስ?

የጅረን_ዳገት፦
ሱንዮንን ከዝርዝሩ አውጡት። ከአቴንስ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውቶቡስ መሄጃና መመለሻው ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል።

ቲኬቱን ከዚሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፣ በግሪክ ባህል ሚኒስቴር ድረ ገጽ እንጂ በደላላ አይሁን። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መግቢያው በሰዓት የተከፋፈለ ነው፣ በቀን የሚገባውም ከ20,000 ሰው አይበልጥም፤ የጠዋቱ ሰዓት ቶሎ ያልቃል። ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ለአዋቂ 30 ዩሮ ሆኗል። ብዙ ቦታ ያስገባ የነበረው ጥምር ቲኬት ቀርቷል፤ እሱን ግዙ የሚል የቆየ ምክር ካጋጠማችሁ እለፉት። «እስከ 25 ዓመት ነፃ» የሚባለውም ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ነው። ለእናንተ ልጆች ከኅብረቱ ውጭ የሚለውን ምድብ ምረጡ፤ በር ላይ ዕድሜ ስለሚጣራ የሁሉም ፓስፖርት ይኑር።

ብዙ የኛ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። በነሐሴ የአቴንስና የኛ ሰዓት እኩል ነው፤ ነገር ግን ቲኬቱ ላይ 08:00 ካለ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ያንን የመጀመሪያውን ያዙ። ከተጻፈው ሰዓት 15 ደቂቃ መቅደምም ሆነ መዘግየት ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ከበረኛ ጋር ክርክር ነው።

ጋሪውን እህትሽ ቤት ተዉት፣ ላይ አይወጣም፤ ከመግቢያው አስቀምጡ ይሏችኋል። ለ4 ዓመቱ ልጅ አንቀልባ ወይም የጀርባ ማዘያ ይሻላል።

ለእናትሽ በሰሜን ምዕራብ በኩል አሳንሰር አለ፣ በ2020 መጨረሻ የተተከለ። ለአካል ጉዳተኛና መራመድ ለሚከብደው ብቻ ስለሆነ የሐኪም ወረቀት ያዙ። ኃይለኛ ነፋስ ካለ ያቆሙታል። ወደ እሱ የሚያስኬደው የምዕራቡ ዋና በር ነው። በሜትሮው አጠገብ ያለው የደቡብ ምሥራቁ በር ሰልፉ ያነሰ ቢሆንም ዳገቱ ረጅም ነው፤ ለጤነኛ ጉልበት እንጂ ለእሷ አይሆንም።

ድንጋይ_አንባቢ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ልጆቹ ምን ላይ ዓይናቸውን ይጣሉ የሚለውን ነው። ዝም ብሎ «ይኸው ፓርቴኖን» (አክሮፖሊስ ላይ ያለው ትልቁ ቤተ መቅደስ) ከተባሉ በ10 ደቂቃ ይሰለቻሉ።

ፓርቴኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀምሮ ቅርጻ ቅርጹ በ432 አለቀ። ለ9 ዓመቱ ዓምድ ማስቆጠር ነው፦ በአጭሩ ጎን 8፣ በረጅሙ 17፤ የጥጉን ሁለቴ እንዳይቆጥር ንገሩት። ለ13 ዓመቱ ደግሞ ይህ አለ፤ ከገመዱ ውጭ አጎንብሶ የደረጃውን ጠርዝ ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይመልከት። ቀጥ ያለ የሚመስለው ወለል መሃሉ ጉብ ብሏል፣ በረጅሙ ጎን 11 ሴንቲ ሜትር ያህል። ዓምዶቹም ወደ ውስጥ ትንሽ ያዘነብላሉ፣ የጥጎቹም ከሌሎቹ ይወፍራሉ።

ጅረን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተው ከሆነ ለማነጻጸር ይመቻል። የእሱ አሠራር በእንጨት ነው፤ እዚህም ቢሆን ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት ነበር፣ ክዳኑ ግን እብነ በረድ። ጣሪያው የጠፋው በእርጅና ብቻ አይደለም፦ በ1687 (እ.ኤ.አ.) ኦቶማን ቱርኮች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ የቬኒስ ጦር መድፍ መታውና መሃሉ ፈነዳ።

ነጭና ቢጫማ ድንጋይ ተቀላቅሎ ሲያዩ ይጠይቃሉ። ነጩ አዲስ የገባ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተደረገው ጥገና ድንጋዩን በብረት አያያዘው፤ ብረቱ ሲዝግ አብጦ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። ጥንታውያኑ ግን ብረታቸውን በእርሳስ ማዕድን ይሸፍኑት ነበር። አሁን የሚገባው ቲታኒየም ነው፣ አይዝግም። ክሬኑና መወጣጫው ፎቶ ቢያበላሽም ለእኔ የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል እሱ ነው።

እዚያው ባለው ሌላ ቤተ መቅደስ፣ በኤሬክቴዮን በረንዳ ላይ በዓምድ ፋንታ የቆሙት ስድስት የሴት ሐውልቶች ቅጂ ናቸው። አምስቱ ዋና ሐውልቶች ሙዚየሙ ውስጥ፣ አንዷ ለንደን ናት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ አለቱ፣ ከዚያ ሙዚየሙ። ሙዚየሙ ቀዝቃዛ ነው፣ ቲኬቱ ለብቻ ነው። የቤተሰብ ቦርሳ ለልጆች ስለሚያውሱ ስትገቡ ጠይቁ፤ በሌጎ (በመጫወቻ ጡብ) የተሠራ አክሮፖሊስም አለ፣ ትንሹ ከዚያ አይነቀልም።

ከመሬት ጠጠር ማንሳትና ድንጋይ መንካት ክልክል ነው። ጠባቂዎቹ ፉጨት ይነፋሉ፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኮቺ_ማዶ፦
ስለ ምግቡ። ሱቭላኪና ጊሮስ የሚባሉት የግሪክ ጥብሶች ካልጠየቃችሁ በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። «ኮቶፑሎ» በሉ፣ ዶሮ ነው፤ «ሂሪኖ» ካሉ አሳማ ነው። ሐላል ለሚፈልግ ግን ዶሮ መሆኑ ብቻ ስለማይበቃ ፈላፍል ወይም ዓሣ ያዋጣል። የጾም ሲሆን «ኒስቲሲሞ» ብሎ መጠየቅ ነው፣ የፍልሰታ ጾም እነሱም ጋ ስላለ ይገባቸዋል። አክሮፖሊስ ላይ ምግብ አይገባም፣ ውኃ ይገባል፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር።

እናንተ ከጅማ ክረምት፣ ከዝናብና ከጃኬት ነው የምትወጡት። እዚያ 35 ዲግሪና በላይ ነው፣ አለቱ ላይ ጥላ የለም። ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። ጫማው የጎማ ሶል ይሁን፤ እብነ በረዱ ከብዙ እግር ብዛት ተልጎ በደረቁም ያንሸራትታል፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም።

ሜትሮው ቀላል ነው፦ ቀዩ መስመር፣ አክሮፖሊ ጣቢያ፤ ከመሃል ከተማው አደባባይ ከሲንታግማ አንድ ፌርማታ። ኪስ አውላቂ ስላለ ስልክ ከኋላ ኪስ አይቀመጥ።

ሂርማታ_እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሙቀት ሲበዛ ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው? ዜውስስ ይቅር?

የጅረን_ዳገት፦
እውነት ነው። ሙቀቱ ሲያይል በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 11 ሰዓት የሚዘጉበት ጊዜ አለ። የ2 ሰዓቱን ከያዛችሁ ግን አይነካችሁም፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ወርዳችሁ ሙዚየም ገብታችኋል።

ዜውስን ከአጥሩ ውጭ እዩት። ከ104 ዓምድ የቀሩት 15 ስለሆኑ ከመንገዱም ይታያሉ፤ በ1852 (እ.ኤ.አ.) ኃይለኛ ነፋስ የጣለውም ዓምድ ክፍልፋዩ እንደተቆረጠ ዳቦ ተደርድሮ ተኝቷል። የቲኬቱን ገንዘብ ለማታ እራት አውሉት።