መስከረምን ቤታችሁ ሆናችሁ እንዴት ነው ምታጣጥሙት? ልጄ አደይ አበባን ምታውቃት በስልክ ነው

ጀሞ_4ኛ_ፎቅ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው፣ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

6 አመት የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ቢጫ አበባ ስላ መጣችና ይቺ ደሞ ምንድነች ስላት የእንቁጣጣሽ አበባ ናት አለችኝ፣ የት ነው ምትበቅለው ብዬ ስጠይቃት ትንሽ አሰብ አደረገችና "ስልክ ላይ" አለችኝ። እውነቴን ነው ምላችሁ ሆዴ ባባ። እኔ ያደግኩት ደብረ ሲና አካባቢ ነው፣ መስከረም ሲጠባ ከቤታችን በላይ ያለው ገደል ሁሉ ቢጫ ይለብሳል፣ ጠዋት አበባ ልንቀጥፍ ወጥተን ስንመለስ ቀሚሳችን እስከ ጉልበት በጤዛ ርሶ እናቴ እየተቆጣች እሳት ዳር ታስቀምጠን ነበር፣ የሱ ሽታ የእርጥብ ሳሩና የጭሱ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። የኔ ልጅ ግን ያላት በረንዳና ደረጃ ነው።

ሽርሽር እንዳልወስዳት መስከረም ደሞ ታውቁታላችሁ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር ምናምን ሲባል ኪስ ባዶውን ነው ሚቀረው። እሁድ ለት ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመውን የሳሎን መስኮት ወለል አድርጌ ስከፍተው 3 ሰዓት አካባቢ ላይ ፀሐይዋ ገብታ ወለሉ ላይ ሰሌን የምታክል ቦታ ያዘች፣ እኔም እውነተኛ ሰሌን አምጥቼ እዛው ላይ ዘረጋሁና ሻያችንን ይዘን ተቀመጥን። ፀሐይዋ ስትሄድ ሰሌኑን እየጎተትን አብረናት ስንሄድ እስከ 5 ሰዓት ቆየን። ልጄ በሆዷ ተኝታ ፀጉሯ ሲሞቅ በእጇ እየነካች "እማዬ ፀጉሬ ተጋገረ" ትለኛለች። ከበዓሉ ቀን እራሱ በላይ ነው የተደሰትነው።

እና እንዲህ አይነት ነገር፣ ወጪ ማያስወጣ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ይሄን ፀደይ ማጣጣሚያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? አደይስ በረንዳ ላይ በገንቦ ወይ በጀሪካን ይበቅላል? የሞከረ አለ?

---

እሸት_ናፋቂ

እህቴ ሰሌን እየጎተትሽ ፀሐይ መከተልሽን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው። እኔ ጎጃም ነው ያደግኩት እና ለኔ መስከረም ማለት በቆሎ ነው በቃ ሌላ የለም። ከመንገድ ጥብሱን አትግዢ ማለቴ አይደለም ግን ለልጅ ጥሬውን ቤት አምጥቶ ከነሽፋኑ እጇ ላይ ማስያዝ ሌላ ነገር ነው፣ መላጥ በራሱ ጨዋታ ነው ለነሱ፣ ጢሙን ነቅላ አሻንጉሊቷን ፀጉር ታደርግላታለች።

ስትገዪ ሽፋኑ አረንጓዴ ሆኖ ጢሙ ጫፉ ላይ ቡናማ የሆነውን ምረጪ። ትንሽ ገለጥ አድርገሽ ፍሬውን በጥፍርሽ ጫን ስትዪው ነጭ ወተት ፍትልክ ካለ ለቅቅል ነው፣ ወተቱ ወፈር ካለና ቀስ ብሎ ከወጣ ለጥብስ ነው፣ ምንም ካልወጣ ደርቋል ጥርስሽን ነው ሚሰብረው ተይው። ስትቀቅዪ ደሞ የውስጠኛውን ስስ ሽፋን አትጣዪው፣ ድስቱ ስር አንጥፊውና ከላይም ሸፍኚበት፣ ጨው በተን፣ ያ ሽፋን ነው ሽታውን ሚሰጠው። ስትጠብሺ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ አትቁረጪው ወደ ኋላ መልሰሽ አንድ ላይ ጠምዝዥው፣ ልጅቷ እሱን እጀታ አድርጋ ትይዘዋለች እጇ አይቃጠልም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የከሰል ምድጃውን በረንዳ ላይ ነው ምትጠቀሚው፣ ጭሱ ስላለቀ ብለሽ ወደ ቤት እንዳታስገቢው። ጭሱ ካለቀ በኋላም ከሰሉ ሚለቀው ነገር ሽታ የለውም ግን ሰው ይገድላል፣ መስኮት ዘግቶ ከሱ ጋ ያደረ ሰው ላይነሳ ይችላል። ቡናም ስታፈዪ እንደዛው መስኮት ይከፈት።

ቆረቆንዳውን ደሞ አትጣሉት በረንዳ ላይ አድርቁት፣ በጥቅምት ብርድ ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል።

---

አባባ_ንቡ

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ አሁን ጥቂት ቀፎ ይዤ እኖራለሁ።

መጀመሪያ አንዲት ነገር ላቅና፣ አትቀየሚኝ። መስከረምን ፀደይ ማለት ተለምዷል፣ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ሲሉት እሰማለሁ፣ በአባቶች አቆጣጠር ግን ክረምት ሚወጣው መስከረም 25 ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 መፀው ይባላል፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ይሄን ምለው ቃል ለማረም ብቻ አይደለም፣ ቀኑን ካወቅሽው ለልጅሽ ምታሳያት ነገር ስለሚኖር ነው። መስከረም 26 ወርኃ ጽጌ ይገባል፣ እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን የአበባ ወር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። እንግዲህ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ እስከዛ ድረስ ጊዜ አለሽ ማለት ነው፣ ሰው ግን መስከረም 1 ቀን አበባውን ገዝቶ በ3ኛው ቀን ሲጠወልግ ጥሎት ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

አደይ በጀሪካን ትበቅላለች። አሁን ግን ተክለሽ አትይዝም፣ ከነሥሯ ነቅለሽ ብታመጪያትም ቶሎ ነው ምትሞተው። አመታዊ ተክል ናት፣ ዘሯን አስቀምጣ እሷ ትሄዳለች። ምታደርጊው ምን መሰለሽ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይ ኅዳር ላይ አበባው ረግፎ ፍሬው ጠቁሮ ሲደርቅ ልጅሽን ይዘሽ ባዶ ቦታ ያለበት ሂዱና ልቀሙት፣ እንጦጦም አለ፣ ከናንተም ሰፈር ብዙ ሳትርቂ ሜዳ ላይ አታጪም። ከዛ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ አፈር ላይ በተን አድርገሽ በጣም ሳትቀብሪው ተይው። አፈሩ ብዙ ፍግ አይፈልግም፣ ከበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ጀሪካኑን ጎኑን ቅደጂና ታቹን ብሺው ውሃ እንዳይተኛበት። በረንዳሽ ፀሐይ ካገኘ መስከረም ላይ አበባ ታያለሽ።

ንቦቼ አሁን ከአደይ ላይ አይወርዱም፣ ማታ ሲገቡ እግራቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ተለጥፎ ነው፣ ቀፎው በር ላይ ቁጭ ብዬ እሱን ሳይ ነው ምውለው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሚቆረጠው ማር የሷ ነው፣ ቀለሙ ወርቅ ይመስላል። ትንሽ አግኝተሽ ልጅሽን አቅምሻት፣ ያቺ የሳልሻት አበባ ናት በያት።

---

ጀሞ_4ኛ_ፎቅ

አባባ በጣም አመሰግናለሁ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አልተቀየምኩም እንደውም ተምሬበታለሁ፣ መፀው ሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት በኋላ ዛሬ ነው የሰማሁት። እሸት_ናፋቂ ያንቺንም ለባሌ አነበብኩለት፣ የከሰሉን ነገር ሲሰማ ደነገጠ ምክንያቱም ክረምቱን ብርድ ሲሆን ምድጃውን ሳሎን እያስገባን ነበር።

---

ሜሪላንድ_ነኝ

አባባ ያሉትን ሳነብ የገረመኝን ልንገራችሁ። እኔ ዲሲ አጠገብ ነው ምኖረው፣ ከመጣሁ 11 አመቴ ነው። እዚህ እንቁጣጣሽ ሚውለው ቅጠል ሊረግፍ ሲል ነው፣ ቀኑ ያጥራል፣ ሰው ጃኬት ማውጣት ይጀምራል፣ እኛ ከሱፐርማርኬት ቢጫ ዴይዚ ገዝተን ቄጤማ ባናገኝ ሌላ ሳር ጎዝጉዘን ቡና አፍልተን እናከብራለን ግን ከመስኮቱ ውጪ ያለው ነገር አይመልስልሽም፣ ውጪው እየተሰናበተ ነው አንቺ ቤት ውስጥ እየተቀበልሽ ነው። ለብዙ አመት ይሄ ሲከፋኝ ነበር።

እና አሁን መጋቢት 26 ፀደይ ይገባል ሲሉ ቆጠርኩት፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 4 ነው፣ ያኔ ደሞ እዚህ ቼሪው ሚያብብበት ሰሞን ነው! ዲሲ ውስጥ ታይዳል ቤዚን ሚባለው ውሃ ዙሪያ ያሉት ዛፎች መነሻቸው በፈረንጅ በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ የመጡት ናቸው፣ ያኔ ከ3,000 በላይ ነበሩ፣ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ አንድ ሳምንት ምናምን ያብቡና ንፋስ ሲመጣ መንገዱን ነጭ ያለብሱታል። የኛ አፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥም አንድ ቼሪ አለች፣ ልክ ከኩሽናዬ መስኮት ፊት ለፊት፣ ሁሌ ሳያት የሰው ሀገር አበባ ናት ብዬ ነበር ማልፋት። በአያቶቼ አቆጣጠርም ለካ ያ ጊዜ ስም አለው። ዘንድሮ መጋቢት 26 ለት መስኮቱን ከፍቼ ቡና አፈላለሁ፣ ልጆቼንም ዛሬ ፀደይ ገባ እላቸዋለሁ።

በቆሎውን በተመለከተ እዚህ ሴፕቴምበር ላይ ገበሬዎች ገበያ ላይ አለ ግን ጣፋጭ በቆሎ ነው ሚሉት፣ ለስላሳ ነው ስኳር ስኳር ይላል፣ ጠብሼ ሞክሬያለሁ ጥርስ ላይ አይያዝም፣ ያ እንደ ቆሎ ሚታኘከው ነገር የለውም። እሱን ብቻ ነው ከሀገር ቤት ምመኘው።

---

መስኮት_ዳር

ስለ ወፉ ማንም አላነሳም። የመስቀል ወፍ! 4ኛ ፎቅ ከሆንሽ እንደውም ጥሩ ነው ከላይ ወደ ታች ታያለሽ። ሰው በዓመት አንዴ ከሆነ ቦታ ሚመጣ ይመስለዋል ለዛም ነው ለጠፋ ሰው እንደ መስቀል ወፍ ሚባለው፣ ግን አብዛኛው እዚሁ ነው ሚኖረው። ወንዱ በዝናቡ ጊዜ ለሴቷ ብሎ ቀይና ጥቁር ወይ ቢጫና ጥቁር ይለብሳል፣ ጊዜው ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል ከዛ ማንም አያውቀውም። ስለዚህ አሁን ነው ሚታየው፣ ረጅም ሳር ወይ ሸንበቆ ባለበት በኩል ጠዋት ጠዋት እዪ፣ ላባውን ነፍቶ ኳስ መስሎ ከሳር ሳር ሲዘል ታገኚዋለሽ። ልጅሽ አንዴ ካየችው በየቀኑ መስኮት ላይ ናት።

---

የወሎ_ልጅ_ዱባይ

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። ሰው ቤት ነው ምሰራው፣ እዚህ አሁንም ወደ 40 ዲግሪ ነው፣ መስኮት ሚባል ነገር አይከፈትም ኤሲ ነው ቀኑን ሙሉ። ግን እናቴ አርብ አርብ ስትደውል ስልኩን ጓሮ ይዛልኝ ትወጣለች፣ ባቄላው እስከየት እንደደረሰ፣ በለሱ አልቆ እንደሆነ ታሳየኛለች። ባለፈው እሸት ፈልፍላ ስትበላ ቅርፊቱ ሲፈነዳ ድምፁ ተሰማኝ፣ እማ ደግመሽ አልኳት፣ እስኪበቃኝ ድረስ ፈለፈለችልኝ። እህቴ ሰሌኑን በየሳምንቱ ዘርጊው፣ እንዳታቋርጪው።

---

ጀሞ_4ኛ_ፎቅ

የወሎ ልጅ አይዞሽ እህቴ፣ በሰላም ለሀገርሽ ያብቃሽ። አላቋርጠውም ቃሌ ነው።

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። 5 በቆሎ ገዛሁና በጥፍሬ ጫን ጫን እያደረግኩ ለየሁት፣ 2ቱ ለጥብስ 3ቱ ለቅቅል ሆነ። ልጄ ሽፋኑን ስትልጥ ውስጡ ትንሽ አረንጓዴ ትል አገኘች፣ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ስም አወጣችለትና በረንዳው ላይ ያለው ጤና አዳም ላይ አስቀመጠችው። ምድጃውን በረንዳ ላይ አቀጣጠልን፣ የጥብሱ ሽታ ሲወጣ የ3ኛ ፎቋ እትዬ አንገታቸውን ቀና አድርገው "ማነው እሸት የያዘ" አሉ፣ እኔም አንዱን ይዤ ወረድኩ። ሁለት አመት ጎረቤት ሆነን ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፣ መስቀል ዋዜማ ግቢ ውስጥ ደመራ ሲበራ ለልጅሽ ችቦ እኔ ነኝ ማስርላት ብለውኛል።

ወፉን ግን እስካሁን አላየነውም፣ ነገ ጠዋት እንሞክራለን።

አባባ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዘሩን ኅዳር ላይ ከለቀምነው እስከ ሰኔ በምን ላስቀምጠው?

---

አባባ_ንቡ

በፌስታል አይሁን፣ ይሻግታል። ሁለት ቀን ጥላ ላይ አናፍሺውና በወረቀት ጠቅልለሽ ወይ በነጠላ ቁራጭ ቋጥረሽ ደረቅ ቦታ፣ ቁም ሳጥን ውስጥም ይሆናል። ላዩ ላይ ቀኑን ልጅሽ ትጻፍበት።