ዲዮኒሶስ ወይስ ባከስ? ስሙ ምን ማለት ነው?

ንባብ ወዳድ፦
ጤና ይስጥልኝ። የግሪኮችን የወይን ጠጅ አምላክ አንዱ መጽሐፍ «ዲዮኒሶስ»፣ ሌላው «ባከስ» ይለዋል። አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ስሙ «የዜውስ» (የአማልክቱ አለቃ) «ልጅ» ማለት ነው የሚልም አንብቤ አልተዋጠልኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

የሸክላ ፍቅር፦
ወንድሜ፣ አንድ ነው። ባከስ የሮማውያን አጠራር ይሁን እንጂ የነሱ ፈጠራ እንዳይመስልህ፤ አስቀድመው «ባኮስ» ያሉት ግሪኮቹ ራሳቸው ናቸው።

ስሙ ላይ ያልተዋጠልህ ደግሞ እውነትህን ነው። «ዲዮ» ከዜውስ ጋር እንደሚዛመድ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ በግሪክኛ «የዜውስ» ለማለት «ዲዮስ» ይባላልና። ጣጣው «ኒሶስ» ነው። «ልጅ» ማለት ነው የሚለው ግምት እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። የጥንቶቹ ሕፃኑን አምላክ ኒምፎች (የጫካና የምንጭ ሴት መናፍስት) ካሳደጉበት ከኒሳ ተራራ ጋር ያያይዙት ነበር። ኒሳስ የት ነው? አንዱ ትራቄ (ከግሪክ ሰሜን) ይላል፣ አንዱ ሕንድ፤ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስማ ከግብፅ በላይ ባለችው ኢትዮጵያ ነው ብሎ ጽፏል (የሱ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ነው)። እንዲህ አገር ላገር የሚዞር ተራራ ከአምላኩ ስም የተወለደ ይመስለኛል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የስሙ ዕድሜ ነው። ብዙ ምሁራን ዲዮኒሶስ ዘግይቶ ከውጭ የገባ አምላክ ነው ይሉ ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ማይክል ቬንትሪስ ሊኒያር ቢ የተባለውን የጥንት ግሪክኛ ጽሕፈት ሲፈታው፣ በደቡብ ግሪክ ካለችው ከፒሎስ በተገኙ የሸክላ ጽላቶች ላይ ስሙ ተገኘ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! በቀርጤስ ካንያ የተገኘው ጽላትማ ለዜውስና ለዲዮኒሶስ የተላከ መባ ይመዘግባል። መባው ምን ይመስልሃል? ወይን አይደለም፣ በእንስራ የተሞላ ማር ነው። እዚያው በዜውስ መቅደስ፣ ከዜውስ ጎን!

ባለ ብራና፦
ሌሎች ስሞችም አሉት። «ብሮሚዮስ» የሚያገሳው፣ «ሊስዮስ» የሚፈታው ማለት ነው፤ ሰውን ከጭንቀቱ ስለሚፈታ።

ንባብ ወዳድ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በሐዋርያት ሥራ 17፥34 ያለው የአርዮስፋጎሱ ዲዮናስዮስስ?

የሸክላ ፍቅር፦
አዎ፣ ከዚሁ የወጣ ነው፤ «የዲዮኒሶስ የሆነ» ማለት ነው። በግሪኮች ዘንድ በጣም የተለመደ የሰው ስም ነበር። የአምላኩ ቲያትር ያለው በአቴንስ፣ አክሮፖሊስ በተባለው አምባ ደቡባዊ ግርጌ ነው፤ አርዮስፋጎስ የተባለው ኮረብታም ከዚያው ከአክሮፖሊስ ሥር ስለሆነ ሩቅ አይደለም።