ኒስ ከልጆች ጋር በኦገስት፣ የት የት እንሂድ?

የሁለት እናት፦
ሰላም ወገኖች። ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው፣ ባለቤቴ ለኦገስት ሁለተኛ ሳምንት የኒስ ትኬት ቆርጧል፣ አምስት ቀን ነን፣ መኪና አንከራይም። ልጆቹ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው፣ አሸዋ ላይ ቤት እንሰራለን ብለው ባልዲና አካፋ ሁሉ አስገዝተውኛል 😀 ባህሩ ለልጅ ይሆናል? ከኒስ ውጪስ የት ብንሄድ ይሻላል? እኔ ደሞ ፍልሰታን ስለምጾም ምግቡ አሳስቦኛል፣ ያው ፈረንሳይ ሁሉ ነገር ቅቤ ነው።

ማርሴይ ነኝ፦
ውይ እህቴ ኒስ ላይ አሸዋ የሚባል የለም፣ ሙሉ ክብ ክብ ድንጋይ ነው፣ በባዶ እግር መራመዱ ራሱ መከራ ነው፣ ውሃውም ትንሽ እንደገባሽ ድንገት ይጠልቃል ስለዚህ ከትንሹ ልጅ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። የውሃ ጫማ ግዢላቸው። አሸዋ ከፈለጉ በባቡር ቪልፍራንሽ ውረዱ፣ አስር ደቂቃ አይሞላም፣ ከጣቢያው ስትወጪ ባህሩ እግርሽ ስር ነው፣ ተራራ የከበበው ስለሆነ ማዕበሉም ረጋ ያለ ነው። ግን በጠዋት፣ ከረፈደ ፎጣ ማንጠፊያ አታገኙም።

ጠይሟ፦
ለጾሙ አታስቢ፣ ሶካ አለልሽ። የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት በጥብጠው ትልቅ ክብ መጥበሻ ላይ ምድጃ ውስጥ ይጋግሩታል፣ ቁንዶ በርበሬ ነስነስ አርገሽ በእጅ ነው የሚበላው፣ ጥርት ያለ የጾም ምግብ። መጀመሪያ ስቀምሰው የሽሮ ቂጣ ሰሩ እንዴ ብዬ ስቄያለሁ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ፒሳላዲዬር የሚሉት የሽንኩርት ዳቦ ግን ላዩ ላይ ዓሳ አለው። ኩር ሳሌያ ገበያ ሰኞ አትሂዱ፣ የዛን ቀን አበባና አትክልቱ የለም አሮጌ ዕቃ ነው። ከዛ በሊፍት ሻቶ ኮረብታ ውጡ፣ ሻቶ ማለት ግንብ ነው ብላችሁ ግንብ እንዳትፈልጉ፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1706 አስፈርሶታል፣ ያለው ፓርክና ፏፏቴ ነው ግን ከተማውና ባህሩ ከዛ ላይ ሲታይ ሌላ ነው።

አቤል09፦
ሞናኮን እንዳትዘሉ! በባቡር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ልጆቹ እዛ ያሉትን ቅንጡ መኪናዎች ሲያዩ ያብዳሉ።

ማርሴይ ነኝ፦
@አቤል09 ለመኪና ብለው ነው እንዴ ከፍራንክፈርት የሚመጡት 😂 እኔ ብሆን ያንኑ ባቡር ይዤ መንቶን ድረስ እሄዳለሁ፣ ጣሊያን ድንበር ላይ ናት፣ ሎሚዋ የታወቀ ነው፣ ቤቶቹ ቢጫና ብርቱካንማ፣ ጸጥ ያለች ናት።

የሁለት እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። መንቶን ገባ በሉ፣ ሞናኮን ባልየው ከሰማ አይቀርም። ባቡሩ ላይ ትኬት አስቀድሜ ልቁረጥ?

ጠይሟ፦
አያስፈልግም የኔ እናት፣ የዛኑ ቀን ጣቢያው ላይ ትቆርጫለሽ። ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ባህሩ በዛ ነው።