ጭጭ ይከልከል ወይስ ለሁሉም ይፈቀድ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጋራ ልብ ወለዳችን እንደምታውቁት በ2150 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ነው። ጣና ሸሽቷል። የቀረውን ውሃ አንድ ኩባንያ አጥሮ ይዞታል። ተኩስ ከየት እንደተነሳ የሚጠቁም ማይክሮፎን በየምሰሶው ተሰቅሏል። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ «ጭጭ» የሚባል ጥይት ገባ። አይጮኽም፣ ብልጭታ የለውም፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይሟሟል። የኩባንያው ዘበኞች ታጥቀውታል። አሳ አጥማጆቹም በስርቆት አግኝተውታል። በሚቀጥለው ምዕራፍ የከተማው ሸንጎ ይቀመጣል። ጭጭ ለማንም ይከልከል ወይስ ለሁሉም ይፈቀድ? የዛሬን ፖለቲካ የሚያመጣ ሰው ጽሑፉን አጠፋበታለሁ፣ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

የዜጌ ልጅ፦ ይፈቀድ! ኩባንያው ከያዘው አጥማጁ ለምን ይቅርበት? ማይክሮፎኑን የሰቀለው ማን ሆነና ነው? ውሃ ላይ የተተኮሰን ጥይት ድምፅ የሚያግደው ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። ቀጥ ብሎ ማይክሮፎኑ ጋ ይደርሳል። የድሃ ጥይት ጮሆ ያስይዛል፣ የሀብታም ጥይት ጭጭ። ሸንጎው ቢከለክል ዘበኛውን ማን ይፈትሸዋል? የሚፈተሸው ታንኳው ነው።

ፊዚክስ፦ ወደ ፍትሑ ከመሄዳችን በፊት ጥይቱ ራሱ ይታመናል ወይ? ተኩስ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ከአፈሙዙ የሚፈነዳው ጋዝ ነው። ሁለተኛው ጥይቱ ከድምፅ ፈጥኖ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚወጣው ነው። የክላሽ ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል፣ ድምፅ ግን 340 አካባቢ ነው። ስለዚህ የድምፅ ማፈኛ ብትገጥሙለትም ሁለተኛው ድምፅ አይቀርም። ማፈኛ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሂራም ፐርሲ ማክሲም የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆች 1909 ፓተንት አውጥቶበታል። መትረየስ የሠራው የማክሲም ልጅ ነው። አባት አንጫጫ፣ ልጅ አፈነ። ጋዙን ቀለሁ ውስጥ አፍኖ የሚያስቀር ጥይትም ሶቪየቶች ሠርተዋል። ግን ዝም ያለ ጥይት ከድምፅ መዘግየት አለበት፣ ከዘገየ ደግሞ ሩቅ ላይ ጉልበት አይኖረውም። እና «ዘበኛው ከወደቡ ላይ ሆኖ ክብራን ደሴት ያለውን ሰው መታው» የሚለውን ሰርዙልኝ።

የዜጌ ልጅ፦ ልብ ወለድ ነው እኮ መምህር!

ፊዚክስ፦ ልብ ወለድም ልክ አለው። ከቅርብ ይግደል። እንደውም የሚያስፈራው እሱ ነው። ገዳዩ አጠገብህ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ጋሽ ምንሽር፦ ልጆቼ፣ እኔ ያደግሁት ጥይት በሚጮኽበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ ጥይት ለመግደል ብቻ አይተኮስም። ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። ሌባ ከብት ሲነዳ አንዱ ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ማዶ ያለው ሰምቶ መንገድ ይዘጋል። ሰው ወድቆ ሲገኝም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተኩሱን በየት በኩል ሰማችሁት? ስንቴ ጮኸ?» ተብሎ ነው። ድሮ አውጫጭኝ ሲቀመጥ አገሬው በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ይጠየቅ ነበር። ካልወጣ ዕዳው የሁሉም ነው። እንግዲህ ጭጭ በተተኮሰበት መንደር አውጫጭኝ ቢቀመጥ ማን ምን ሰማሁ ይላል? ሁሉም «አልሰማሁም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ዳኛው ግን አያምነውም። ስለዚህ ይከልከል፣ ለዘበኛውም ለአጥማጁም።

የዜጌ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ገድሎ የሚፎከርበትን ዘመን ነው። በእኛ ታሪክ «እኔ ነኝ» ያለውን ድሮን ይለቅመዋል።

ጋሽ ምንሽር፦ ይልቀመዋ! ደም የሚደርቀው ገዳዩ ሲታወቅ ነው። ካልታወቀ ሽማግሌ ማንን ከማን ያስታርቃል? የሟች ወገን የጠረጠረውን ሁሉ ሲገድል ይኖራል።

ሲስተር፦ ስለሚሟሟው ነገር እስካሁን ማንም አላነሳም። እኔን የከበደኝ እሱ ነው። በጥይት የተመታ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ልብሱ ይቀደዳል፣ ፊትም ጀርባም ይታያል። መግቢያ ቀዳዳ አለ፣ መውጫ ከሌለ ራጅ ይነሳል። ብረቱ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪሙ ያን አይቶ ነው በየት እንደሄደ የሚገምተው። ሁሌም አይወጣም፣ ጉዳት ከሌለው እዚያው የሚተውም አለ። ጭጭ ከሟሟ ራጁ ላይ ምንም የለም። ሆዱ በደም እየሞላ የት እንደተመታ በዳበሳ ልንፈልግ ነው። ይሄ ደግሞ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በፈረንጆች 1980 የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ አንደኛው ፕሮቶኮሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ዋና ሥራው በራጅ በማይታይ ስብርባሪ ማቁሰል የሆነ መሣሪያ ክልክል ነው ይላል። ሸንጎው ውስጥ ይህን የምታነሳ አንዲት ነርስ አስገቡልኝ።

ፔዳ፦ ሲስተር፣ ያ የጦርነት ሕግ ነው። የኩባንያው ጠበቃ «ዘበኛ አሳ አጥማጅ ላይ ሲተኩስ ጦርነት አይባልም» ብሎ ይሞግታል። እኔን የሳበኝ በፈረንጆች የ1868ቱ የሴንት ፒተርስበርግ ስምምነት ነው። ከ400 ግራም በታች የሆነ ፈንጂ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ መንግሥታት የተስማሙበት ነው። የጠራቻቸው ሩሲያ ናት። ጥይቱን ሠርታ የነበረችውም ራሷ ናት! ራሷም ልትጠቀምበት አልፈለገችም፣ ሌላው እጅ እንዲገባም አልፈለገችም። እስቲ በእኛ ሸንጎ «ይከልከል» ብሎ የሚነሳው የኩባንያው ሰው ቢሆንስ? አጥማጆቹ ጭጭን ካገኙ በኋላ ማለቴ ነው። የዜጌ ልጅ፣ ያኔ ምን ትላለህ?

የዜጌ ልጅ፦ ያኔማ ተንኮል አለበት። መጀመሪያ መጋዘናቸው ይከፈትና ይቆጠር።

ጋሽ ምንሽር፦ ተንኮል ቢኖርበትስ? ያመጣው ሰው ክፉ ስለሆነ መልካም ነገር ይጣላል? እሺ በሉትና መጋዘኑን እዚያው አስከፍቱት።

ደንገል፦ ለምን ምልክት አይደረግበትም? ካሊፎርኒያ በፈረንጆች 2007 ወደ ገበያ የሚገባ አዲስ ሞዴል ሽጉጥ ሲተኮስ ቀለሁ ላይ መለያ እንዲያትም የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። ጭጭም ሲሟሟ ደም ውስጥ የማን እንደሆነ የሚናገር ቀለም ይተው።

ሲስተር፦ ቁስለኛው ላይ ሌላ ኬሚካል ልትጨምሪበት ነው የኔ እህት?

ደንገል፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ቀለህ ያለው የሚጮኸው ነው፣ ይሄኛው ምንም አይጥልም።

ፊዚክስ፦ ቀለህ ከሌለው ሰውየው በምን ተኮሰ? ይሄን ጻፉልኝ እባካችሁ።

አስተባባሪ፦ በቃ፣ ሸንጎው ይከለክላል ብዬ ልጽፍ ነው። ሐሳቡን የሚያቀርበው የኩባንያው ሰው ይሆናል፣ ፔዳ እንዳለው። የሲስተር ነርስ ትናገራለች። ክብራን ተሰርዟል። ቀለህ ይኑረው።

የዜጌ ልጅ፦ ተቃውሞዬ ይመዝገብ። አጥማጆቹ የያዙትን አያስረክቡም።

አስተባባሪ፦ እሱን ክፍል አንተ ጻፈው። እስከ እሑድ አድርስልኝ፣ እንዳለፈው ጊዜ ደግሞ ኔትወርክ ጠፋ እንዳትለኝ።