ፓኒ ፑሪ ከጋሪ ላይ ይታገድ? ቤት የሚሠራውስ ይተካዋል?

አስተባባሪ፦
የዛሬው መነሻችን ፓኒ ፑሪ ነው፤ ፑሪ የሚባለው ክብ ስስ የተጠበሰ ቅርፊት ተበስቶ፣ ድንችና ሽንብራ ገብቶበት፣ በቅመም ውሃ ተሞልቶ የሚበላ የሕንድ የመንገድ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በኔፓል የካትማንዱ ሸለቆ ኮሌራ በታየ ጊዜ፣ የላሊትፑር ከተማ አስተዳደር ለፓኒ ፑሪ በሚቀርበው ውሃ ውስጥ የኮሌራ ባክቴሪያ መገኘቱን ገልጾ ሽያጩን አገደ። በ2024 ደግሞ በሕንድ የካርናታካ ግዛት የምግብ ተቆጣጣሪዎች ከወሰዷቸው የፓኒ ፑሪ ናሙናዎች በአንዳንዶቹ ጎጂ ሰው ሠራሽ ቀለም አገኙ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር «ቤታችሁ ሠርታችሁ ብሉ» የሚለው ምክር ይከተላል። በዚህ ያለነው ሕንድ የተማርን ወይም ከሕንዶች ጋር የሠራን በመሆናችን ምግቡን እናውቀዋለንና፣ ከተሞች በዝናቡ ወራት የጋሪ ፓኒ ፑሪን ማገድ አለባቸው ወይ የሚለውን እንወያይበት።

የአካባቢ ጤና ባለሙያ፦
እኔ እገዳውን እደግፋለሁ። ፓኒ ፑሪ ከሌሎቹ የመንገድ ምግቦች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሳሞሳ ከፈላ ዘይት ወጥቶ በትኩሱ ይበላል። ፓኒ ፑሪ ግን እሳት የነካው ቅርፊቱና በውስጡ የሚገባው ድንችና ሽንብራ ብቻ ነው፤ የሚሞላበት ውሃ ጥሬ ነው፣ ናናውና የድንብላል ቅጠሉ ጥሬ ነው፣ ብዙው ሻጭም ለእያንዳንዱ ፑሪ እጁን ከነጣቶቹ ውሃው ውስጥ ይነክራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲበረታ ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃ መስመር ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ በውሃው ውስጥ የሚገባው የታማሪንድ (ሁመር) ኮምጣጣነት ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድልልናል ብሎ መተማመን አይቻልም። አገር ቤት ስለ አተት ስናስተምር «ውሃውን አፍሉት ወይም አክሙት» እንል እንደነበረ፣ እዚህም ለሰው ሕይወት የሚበጀው ለጥቂት ወራት መታገሥ ነው። የናፈቀው ሰው ቤቱ ይሥራ።

ከዱባይ የምትጽፍ፦
ወንድማችን ስለ ውሃው ያሉት እውነት ነው። «ቤቱ ይሥራ» የሚለውን ግን ሠርቼው ስለማውቅ ልመልስበት። ከሕንድ የጉጃራት ግዛት በመጣ አንድ ቤተሰብ ቤት ስድስት ዓመት ስቀጠር፣ ዓርብ ዓርብ ፓኒ ፑሪ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ደቃቅ ሰሞሊና ከጥቂት ፉርኖ ዱቄት ጋር ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል፣ ከዚያ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተዳምጦ በትንሽ ብርጭቆ አፍ ይቆረጣል። የተቆረጠው ከደረቀ አያብጥም፤ ስለዚህ አንዱን ስጠብስ ሌላው በጨርቅ ሥር መቆየት አለበት። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ በጭልፋው ጀርባ ቀስ ብሎ ጫን ሲሉት አየር ይዞ እንደ ኳስ ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሠላሳው አሥሩ ጠፍጣፋ ሆነው ይቀሩብኝ ነበር።

ውሃው የሚዘጋጀው ከዋዜማው ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ናና፣ የድንብላል ቅጠል፣ ቃሪያና ዝንጅብል ተፈጭተው ይገባሉ፤ ድሬዳዋ ሁመር የምንለው ታማሪንድ፣ የተቆላ ከሙንና ሽታው የተቀቀለ እንቁላል የሚያስታውሰው ጥቁር ጨው ይጨመራል። ጣዕሙ ከጋሪው አያንስም፤ አንዳንድ ቀን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ፑሪ ውሃ ከገባበት በኋላ ወዲያው ይልማል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ቆሞ እየበሳ፣ እየሞላ፣ በየተራ ማቀበል አለበት። እኔ ለሰባት ሰው ስሞላ አንድም ጊዜ ከእነርሱ ጋር ተቀምጬ በልቼ አላውቅም። ከእኔ በፊት ይህን ሥራ የምትሠራው የቤቱ እናት ነበረች፤ እርሷም እንዲሁ።

ፑኔ የተማረች፦
የእህታችን የመጨረሻ ቃል ለእኔ ዋናው ነጥብ ነው። የመንገዱን ምግብ ወደ ቤት መልሱ ስንል፣ ሻጩ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ወደ አንዲት ሴት ማድቤት እያዛወርን ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። በሕንዷ ከተማ ፑኔ ሳለሁ ማታ ማታ ከትምህርት መልስ ጋሪውን ከብበን እንቆም ነበር። ሻጩ ማን ቃሪያ እንደማይወድ፣ ማን ጣፋጩን የተምር ድልህ እንደሚያበዛ ይዞታል፤ ተራው ሳይዛነፍ ለአምስት ሰው እኩል ያቀብላል፤ በመጨረሻም ውሃ የሌለበትን አንድ ደረቅ ፑሪ ያለ ዋጋ ይሰጣል። አስተናጋጇም ተማሪዋም የቤት እመቤቷም እኩል ቆመው ተቀብለው የሚበሉበት ስፍራ ነው።

የበሽታውን ነገር አልክድም። እኔም በአንድ የዝናብ ወር ከአንድ ጋሪ በልቼ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። ሆኖም ያ ሻጭ ውሃውን የቀዳው እኔ የተከራየሁበት ቤት ከሚቀዳበት መስመር ነበር። ውሃው የተበከለ ከሆነ ሳያፈላ ቤቱ የሚሠራውም ይታመማል፤ ልዩነቱ የእርሱን ሕመም የሚቆጥር ተቆጣጣሪ አለመኖሩ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው የመንገድ ነጋዴዎች ሕግ ሻጮች የመሸጫ ፈቃድ እንዲያገኙና በየከተማው በሚቋቋመው ኮሚቴ እንዲወከሉ ያዛል። ከተሞቹ ይህን ከልብ ፈጽመው፣ በተፈቀደው መሸጫ ስፍራ ንጹሕ የቧንቧ ውሃና የእጅ መታጠቢያ ቢያቆሙ፣ ከእገዳው የበለጠ ሕይወት ያድኑ ነበር። እገዳ የደረሰበት ሻጭ መሸጡን አያቆምም፤ ተቆጣጣሪ ወደማያይበት ጠባብ መንገድ ይገባል፣ ውሃውም ከቀድሞው የከፋ ይሆናል።

የአካባቢ ጤና ባለሙያ፦
የእህቶቼን ሐሳብ በጥሞና አንብቤአለሁ፤ በአንድ በኩል አቋሜን አስተካክላለሁ። በየዓመቱ ዝናብ ስለመጣ ብቻ ማገድ ተገቢ አይደለም። ኮሌራ በምርመራ በተረጋገጠበት ሠፈር፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ ሻጩም የቀን ገቢው ተተክቶለት ቢታገድ ግን አሁንም ትክክል ነው እላለሁ፤ ቧንቧ እስኪዘረጋ ድረስ የሚታመመውን ሕፃን መርሳት አንችልምና። ቀለሙን በተመለከተ ግን ምንም ድርድር የለውም፤ ናናው በቂ አረንጓዴ ነው። ዛሬ ብዙ ሻጮች ጓንት አድርገው ውሃውን ባለ መክፈቻ ብረት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ለዚህ ዕቃ መግዣ ከተማው ቢያግዛቸው እደግፋለሁ።

ከዱባይ የምትጽፍ፦
በዚህ እስማማለሁ። ቤት ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ በረዶውን አትርሱ። ሰው ውሃውን አፍልቶ ከጨረሰ በኋላ ለማቀዝቀዝ ካልፈላ ውሃ የተሠራ በረዶ ይጨምርበታል፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ባክቴሪያውን አይገድለውም። የቤቱ እናት በጉጃራት ከተማ አሕመዳባድ ሳለች እንዲህ ባለ በረዶ ልጇ ታሞባት ስለነበር፣ ዱባይ ከመጣችም በኋላ የበረዶውን ውሃ ለብቻው በሌላ ድስት እንዳፈላ ታዘኝ ነበር።