መብራት በሚጠፋበት ቤት ለ80 ሊትር የዓሣ ገንዳ የትኛው ማጣሪያ ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከሳቢያን

ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ለልጄ 80 ሊትር የሚይዝ ገንዳ መስታወት ቤት አሠርቼለት፣ አሥራ ሁለት ጋፒና አራት ሞሊ ከገቡበት ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ማጣሪያው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ፣ ስፖንጁና ሞተሩ በአንድ ቀፎ የተያዙ ትንሽ ዕቃ ነው። ባለፈው ሰኞ ውሃው እንደ ሩዝ እጣቢ ነጣብኝ። ስፖንጁ ቆሽሿል ብዬ በቧንቧ ውሃ ጥርት እስኪል አጠብኩት። በማግስቱ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት አምስት ጋፒዎች ሞተው አገኘሁ፤ ልጄም ቁርሱን ሳይበላ ትምህርት ቤት ሄደ።

አሁን አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት አመጣልሻለሁ ብሎኛል። አንዱ ከገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠልና በሰዓት 600 ሊትር የሚገፋ ነው። ሌላው ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ፣ ክዳኑ የሚታሸግ ባልዲ መሰል ነው። ሁለተኛው በጣም ውድ ነው፤ ዓሦቹን የሚያተርፍልኝ ከሆነ ግን እገዛዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከሐረር

የሚንጠለጠለውን ውሰጂ። እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ገንዳው ውስጥ ቦታ አይዝም፤ ስፖንጁን ለማውጣትም እጅን እስከ ክርን መንከር አያስፈልግም።

መልስ፣ ከከዚራ

እህቴ፣ ሁለቱንም አትግዢ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ቤቴ ውስጥ ዓሣ አረባለሁ፤ ያንቺ ዓይነት ጠዋት እኔም ላይ ደርሷል።

ዓሦችሽን የገደለው ቆሻሻ አይመስለኝም። ስፖንጅ የሕያዋን ቤት ነው። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚቀንስ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት እዚያ ነው። ተራብተው ለገንዳው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ያንቺዎቹ ገና ሥር ሳይሰዱ የቧንቧው ክሎሪን አገኛቸው። የነጣው ውሃ በአዲስ ገንዳ የተለመደ ነው፤ ቢተውት በራሱ ይጠራ ነበር። የድሬ ውሃ ደግሞ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው፤ እንዲህ ባለ ውሃ አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል።

በዚያ ላይ ሙቀታችን አለ። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል። ይህም በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ላለችው ድሬዳዋ ከዚያም ያንሳል። መብራት ሲጠፋ የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ የለም፤ ዓሦቹ ይታፈናሉ። የሐረሩ ወንድማችን የመከረው ለሐረር ይሠራል፤ እነርሱ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ቢሉም በቀዝቃዛ አየር ይኖራሉ።

የሚታሸገው ባልዲ ለትልቅ ገንዳ ግሩም መሣሪያ ነው። ነገር ግን ለሰዓታት ሲቆም በውስጡ የታመቁት ባክቴሪያዎች አየር ያጣሉ፤ መብራት ሲመጣ ያንን የሸተተ ውሃ ወደ ዓሦቹ ይረጨዋል። የሚንጠለጠለው ደግሞ አንዳንዱ መብራት ሲመለስ ውሃ ስለማይስብ ሞተሩ በደረቁ ይሽከረከራል። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም መዘውሩን ይይዘዋል፤ በየጊዜው ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ይኖርብሻል። 600 ሊትር ለ80 ሊትር ገንዳ ኃይለኛ ነው፤ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ መመላለስ ይበቃል። ጅራተ ረጅሞቹ ወንድ ጋፒዎች ከጎርፉ ጋር ሲታገሉ ይደክማሉ። ጋፒና ሞሊ ደግሞ ጫጩት ይወልዳሉ፤ ጫጩቶቹን ሞተሩ ይስባቸዋል።

ላንቺ የሚሆነው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ ነው፤ ሁለት፣ በግራና በቀኝ ጥግ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጫጩት አይስብም፤ ሲቆም ስፖንጁ ውሃው ውስጥ ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ ባክቴሪያው ቶሎ አይታፈንም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኘሽ ለመብራት መጥፊያው አስቀምጪ። ፓምፑን ከውሃው ወለል በላይ አኑሪው፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ይገባበታል። እኔ አንዱን ያቃጠልኩት እንዲህ ነው።

ጠያቂ፣ ከሳቢያን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጄ ላይ ያለውን ማጣሪያ ታዲያ ላውጣው? እስከዚያስ የቀሩትን እንዴት ላቆያቸው?

መልስ፣ ከከዚራ

አታውጪው፤ ከአዲሶቹ ጋር ስድስት ሳምንት ይሥራ። ምግቡን በግማሽ ቀንሺ። ለጊዜው በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህሉን ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ክፍቱን ባደረ ውሃ ለውጪ። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ነው። መብራት ሲጠፋ በኩባያ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው፤ ልጅሽ ይህን በደስታ ይሠራዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ገንዳ ውስጥ ዓመት ያለፈው ስፖንጅ አለ። እርጥቡን ከነውሃው በላስቲክ ቋጥሬ እሰጥሻለሁ፤ ባክቴሪያው ተራብቶ ያለቀ ስለሆነ ሳምንታት ታተርፊያለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ነይ፤ ላስቲኩ ፀሐይ ላይ መቆየት የለበትም።

ጠያቂ፣ ከሳቢያን

ቅዳሜ በአንድ ሰዓት እንመጣለን። ልጄ ላስቲኩን የምይዘው እኔ ነኝ ብሏል።