ግቢ ውስጥ የበቀለ እንጉዳይ ይበላል? ያቺ ነጭ አበባስ ምንድን ናት?

የክረምት ተማሪው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የክረምት ተማሪ ነኝ። በበጋው አስተምራለሁ። ትናንት ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስወጣ ዶርማችን ፊት ያለው ሳር ላይ እንጉዳይ ፈልቶ አገኘሁ። ትልቁ የሾርባ ሳህን ያክላል። ነጭ ነው፤ አናቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት አለው። እግሩ ላይ ቀለበት መሳይ ነገር አለ፤ በጣት ሲገፉት ይንሸራተታል። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ኩይሳ ላይ እየለቀምን የበላነውን መሰለኝ። ቅቤና ቃሪያ ገዝቼ ቁጭ ብያለሁ።

ሌላም አለ። ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ወገቤ የሚደርስ ተክል በቅሏል። አበባው ነጭ፣ እንደ ጥሩምባ። ፍሬው እሾሃም ነው። የዶርሜ ልጅ «አብሾ እኮ ነው፤ ፍሬውን ብትቀምስ ፈተና ላይ አንድ ገጽ አይጠፋህም» ይለኛል። የምሩን ነው?

የኩይሳ ልጅ፦
ብላ እንጂ ወንድሜ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል! እኛ በዚያ አድገናል። ከተጠራጠርክ ነጭ ሽንኩርት ጨምረህ ቀቅለው። ሽንኩርቱ ካልጠቆረ ሰላም ነው።

ባዮሎጂ አስተማሪዋ፦
እባክህ እንዳትበላ። የሽንኩርቱ ነገር ተረት ነው። ከብት በላው፣ ትል ገባበት ማለትም ለሰው ዋስትና አይሆንም። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የገደለው አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው እንጉዳይ ነው። መርዙ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ትውከቱና ተቅማጡ ጋብ ይልና ሰውየው ዳንኩ ሲል ጉበቱ እየተጎዳ ነው። ያንተ እሱ ነው አላልኩም። «በልተን አይተነዋል» የሚባለው ነገር ስለሚያስፈራኝ ነው።

የኩይሳው ሌላ ነው። እሱን ምስጦቹ ናቸው ጎጇቸው ውስጥ የሚያለሙት፤ እግሩም እንደ ሥር ረዝሞ እዚያ ድረስ ይወርዳል። ያንተ ሳር ላይ ነው። ቅርፊቱና የሚንሸራተተው ቀለበት ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ የሚባለውን ያስጠረጥረኛል። ሞቅ ያለ አገር ይወዳል፣ ሳር ላይ ይበቅላል። ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ግን ከበላኸው በኋላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሽንት ቤት ያስገባህና አያስወጣህም።

አንድ ነገር ሞክር። የተከፈተውን እንጉዳይ እግሩን ከላይ ቁረጥ። ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረው ሽንሽን ወደ ታች ሆኖ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው። ብርጭቆ ድፋበትና አሳድረው። ጠዋት ስታነሳው ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ አሻራ ትቶ ታገኛለህ። አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ነጭ ቢሆንም ግን ብላ ማለት አይደለም! እጅህን ታጠብ።

የሌሊት ነርስ፦
ስለ እንጉዳዩ መምህርት ተናግራለች፤ እኔ ወደ አበባው ልሂድ። እሱ አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስም ይሉታል። ስሙን ልብ በል፦ የሚያስቀባጥር ማለት ነው። የቆሎ ተማሪዎች ትምህርት እንዲገባቸው ይወስዱታል ሲባል ሰምተናል። ሰው ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሲያብድ «አብሾ አለበት» የምንለውም ከዚያው ነው። የመርዙ መጠን ግን ከተክል ተክል ይለያያል፤ ፍሬ ቆጥረህ አትለካውም።

ስሙን በማልጠራው ግቢ ሦስት ልጆች ለፈተና ብለው ቅመውት ሌሊት አመጡልን። አፋቸው ደርቋል፣ የዓይናቸው ብሌን ሰፍቷል፣ ልባቸው ይሮጣል። አንዱ ግድግዳውን «ጋሼ፣ አንድ ቀይ ሻይ» እያለ ያዛል። ሻዩ ሲዘገይበት ተቆጣ። ተርፈዋል፤ ፈተናው ግን አመለጣቸው። እና ለዶርምህ ልጅ ይህን ንገርልኝ። የበላ ሰው ካጋጠማችሁ አታስታውኩት፣ ወተትም እየሰጣችሁ አትጠብቁ፤ ከተክሉ ቁራጭ ይዛችሁ ቀጥታ ሆስፒታል።

ባዮሎጂ አስተማሪዋ፦
ፍሬው ሳይፈነዳ ለግቢ ጽዳት ንገራቸውና በጓንት ይንቀሉት። አንዱ ፍሬ በመቶ የሚቆጠር ዘር ይበትናል።

የክረምት ተማሪው፦
አደረ። ብርጭቆውን ሳነሳ ወረቀቱ ላይ ክብ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሰነጣጠቀ አሻራ አለ። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ! እስካሁን እያየሁት ነው። በቅቤው እንቁላል ጠበስንበት። የዶርሜ ልጅም የነርሷን ጽሑፍ አንብቦ ዝም ብሏል።

የኩይሳ ልጅ፦
ኧረ ይቅርታ ወንድሜ፣ ልገድልህ ነበር። ግን ሽንኩርቱን ሞክረኸው ነበር?

የክረምት ተማሪው፦
ማታ አንዱን በአሮጌ ጣሳ ቀቅዬው ነበር። ሽንኩርቱ ነጭ እንደሆነ ነው።